የአጎት ዕቁብና የእንግሊዝ ግብር

«ጥላኝ ሄደች»፣ «ቀለበቱን መለሰልኝ» የሚሉትን የዚህን ሳምንት ደብዳቤዎች ለጊዜው ወደ ጎን ብዬ ዛሬ የገንዘብ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ገንዘብ ብቻ ነው ብላችሁ ግን ገጹን እንዳትገልጡት። አጎት አለበት፣ ዕቁብ አለበት፣ ይሉኝታም አለበት። ደግሞስ ዛሬ ከመካከላችን ፈረንጅ አገር ዘመድ የሌለው ማን አለ?

ደብዳቤው የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። ጸሐፊዋ ወጣት ሐኪም ናት። እዚሁ አዲስ አበባ ተምራ፣ ጥቂት ጊዜ ሠርታ፣ ፕላብ የሚባለውን የእንግሊዞቹን ፈተና አልፋ የሄደች ልጅ ነች። ስሟን አልጠራም፣ ከተማዋንም አልናገርም። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«እዚህ የመጣሁት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2023 ነው። ገንዘቡን የሰጡኝ አጎቴ ናቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ዕቁብ ሲወጣላቸው ለመኪና ብለው ያሰቡትን ብር አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። ለፕላብ ሁለቱም ክፍል፣ ለእንግሊዝኛ ፈተናው፣ ለቪዛና ለቲኬት ወደ 3,200 ፓውንድ ወጣ። ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ከደመወዜ ለሐኪሞች ምዝገባ ዓመታዊ ክፍያና ለሐኪሞች ማኅበር በሁለት ዓመት 1,100፣ ለውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ፈተናና ለማዘጋጃ ኮርስ 1,300 ፓውንድ ከፈልኩ። ድምሩ 5,600 ሆነ። አብሮኝ የሚሠራ ሐኪም ‹ለጁኒየር ዶክተር የሥልጠና ወጪ ከግብር ይመለሳል እኮ!› ብሎ የሚያስመልስ ሰው አገናኘኝ። ሰውዬው ‹ሁሉንም እናስገባዋለን፣ ማንም አያጣራም፤ ከሚመጣው 40 ከመቶ የእኔ ነው› ይላል። ደስ አለኝና ለአጎቴ ደውዬ ‹ገንዘቡ በሁለት ወር ይመጣል› አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ወዲያው መኪና አፈላልገው ሰኞ ቀብድ ሊሰጡ ነው። አሁን ቅጹን ሳየው ልቤ ፈራ። ልፈርም ወይስ ይቅር? አጎቴንስ ምን ልበላቸው? በነገራችን ላይ እስካሁን የምሠራው ሥልጠና በሌለበት የሥራ መደብ ነው፤ የሥልጠና ፕሮግራም ግን ለመጪው ኦገስት አግኝቻለሁ።»

እህቴ፣ እኔ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ወረቀት የለኝም። ማንበብና ሰው መጠየቅ ግን አልተከለከለም። የእንግሊዝ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ኤች ኤም አር ሲ ለሠራተኞች ያወጣውን መመሪያ አነበብኩ፤ እዚያው ለንደን የሒሳብ ሥራ የሚሠራ ወዳጄንም ሁለት ማታ በስልክ አደከምኩት። ያገኘሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ደረጃ ሰውን ገደል የምትከተው «ይመለሳል» የምትለዋ ቃል ናት። ጓደኛሽ አልዋሸሽም፤ ግማሹን ነው የነገረሽ። ሕጉ የሚፈቅደው ዓይነት ወጪ ቢሆን እንኳ መንግሥት ወጪውን አይከፍልልሽም። የሚልሽ እንዲህ ነው፦ «ይህን ያህል ደመወዝ እንዳላገኘሽ እቆጥርልሻለሁ፤ በዚያ ላይ የወሰድኩትን ግብር እመልሳለሁ»። ስለዚህ 1,000 ፓውንድ የተፈቀደ ወጪ ያለው ሰው 1,000 አያገኝም። በ20 ከመቶ እርከን ላይ ከሆነ 200፣ በ40 ከመቶ ላይ ከሆነ 400 ያገኛል። አለቀ። 40 ከመቶው የሚመታው በዓመት ከ50,270 ፓውንድ በላይ ያለውን ገቢ ነው። (ስኮትላንድ የራሷ እርከን አላት፤ እዚያ ያላችሁ ስሌቱን ለብቻ ስሩ።)

እስቲ የሰውዬውን ተስፋ በዚህ እንመዝነው። ተአምር ተፈጥሮ 5,600ው ሙሉ በሙሉ ቢፈቀድልሽ እንኳ በ20 ከመቶ የሚመጣው 1,120 ፓውንድ ነው። ከዚያ ላይ ሰውዬው 40 ከመቶውን ሲያነሳ 672 ይቀርሻል። አጎትሽ የሚጠብቁት ስንት ነው? 5,600! ገና ከመነሻው ይኸው ነው ልዩነቱ።

እግረ መንገዴን፣ እዚህ አገር ያላችሁ የደመወዝ ሠራተኞች «እኛስ?» ማለታችሁ አይቀርም። እኛማ ይህም የለን። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀጣሪው ደመወዙን ለማግኘት ያወጣው ወጪ ከግብሩ እንዲቀነስለት አይፈቅድም። ጥቁር አንበሳ ያለ ሬዚደንት መጽሐፍ ገዛ፣ ኮርስ ከፈለ፣ ግብሩ ያው ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የወጪው ነገር ግን ያው ነው። ወደ እንግሊዝ እንመለስ።

የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ጉዳይ ቋጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ሕግ የሚለው ወጪው በሥራው አፈጻጸም ላይ፣ ሙሉ በሙሉ፣ ለዚያ ብቻና የግድ የወጣ መሆን አለበት ነው። እነዚህን ሁሉ ወንፊቶች የሚያልፍ ወጪ ጥቂት ነው። «ለሥራዬ ጠቅሞኛል» ማለት አይበቃም። «ይህን ባላደርግ ሥራውን አላገኝም ነበር» ማለትማ ጭራሽ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ሥራ ለማግኘት የወጣ ገንዘብ በሥራው ላይ የወጣ አይደለም።

ታዲያ የሐኪሞቹ ወሬ ከየት መጣ? ይቺን ልብ ብላችሁ አንብቡ። አንዲት የቆዳ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን በመሠልጠን ላይ የነበረች ሐኪም ለኮርስና ለሙያ ስብሰባዎች ያወጣችውን ወጪ ከግብር ቀንሱልኝ አለች። ግብር ሰብሳቢው እምቢ አለ። «ነገ በዚህ ዕውቀት ኮንሰልታንት ሆነሽ የምትጠቀሚው ራስሽ ነሽ» ነበር ክርክሩ። ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 ሐኪሟ ረታች። ለምን? ውሏ ላይ መሠልጠን ራሱ የሥራዋ ግዴታ ሆኖ ስለተጻፈ! ኮርሱን ካልተከታተለች ሥራዋን አልሠራችም ማለት ነው። ለራሷ የሚተርፋት ጥቅም በጎን የመጣ ነው ተባለ። እንግዲህ ዛሬ «ለጁኒየር ዶክተር ይመለሳል» የሚባለው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። (ጁኒየር ዶክተር የሚለው መጠሪያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ «ሬዚደንት ዶክተር» ተብሏል። ሦስት ልጅ የወለደን ሰው «ጁኒየር» ማለት መቼም ደስ አይልም።)

ቁም ነገሩ ታዲያ ፍርዱ ለሐኪም ሁሉ አለመሆኑ ነው። በሥልጠና ውል ለተቀጠረ ነው። የኛ ልጆች ደግሞ፣ ሌሎቹም ከውጭ የሚሄዱ ሐኪሞች፣ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ሥልጠና በሌለበት መደብ ነው፤ ትረስት ግሬድ ወይም ክሊኒካል ፌሎው ይሉታል። በሽተኛው ያው ነው፣ የሌሊቱ ተራ ያው ነው፣ ድካሙም ያው ነው። ውሉ ላይ ግን «ትሠለጥናለህ» የሚል ግዴታ የለም። ያ ሐኪም ፈተና ቢፈተን፣ ኮርስ ቢወስድ በራሱ ፈቃድ ራሱን እንዳሻሻለ ይቆጠራል። አንዱ ክፍል ውስጥ ሁለት ሐኪሞች አንድ ዓይነት ፈተና ከፍለው አንዱ ሲቀነስለት ሌላው አይቀነስለትም። ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

አሁን ወደ አንቺ ዝርዝር እንሂድ። ከመሄድሽ በፊት የወጣው 3,200 ፓውንድ፣ ማለትም ፕላቡ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ ቪዛው፣ ቲኬቱ፣ ይሄ ሁሉ አይሆንም። ሥራውን ለማግኘት የወጣ ነው እንጂ በሥራው ላይ የወጣ አይደለም። የአጎትሽ ገንዘብ በሙሉ ያለው እዚህ ውስጥ መሆኑ ያሳዝናል፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ፈተናውና ኮርሱ 1,300 ፓውንድ፦ የከፈልሽው ሥልጠና በሌለበት መደብ ላይ ሆነሽ ስለሆነ ይሄም አይሆንም። የምዝገባው ዓመታዊ ክፍያና የማኅበሩ መዋጮ 1,100 ፓውንድ፦ ይሄ ይሆናል! በሥልጠና ላይ ያለውም የሌለውም ሐኪም ይህን መጠየቅ ይችላል። ጂ ኤም ሲ ለሚባለው የሐኪሞች መዝጋቢ የሚከፈለው፣ ቢ ኤም ኤ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር፣ ሮያል ኮሌጆቹ፣ የሙያ ስህተት ክስ ሲመጣ ጠበቃ የሚያቆሙት ማኅበራት፣ መሥሪያ ቤቱ ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ከ1,100ው 20 ከመቶ፣ 220 ፓውንድ ታገኛለሽ። ከማንም ጋር ሳትካፈዪ።

ኦገስት ላይ የሥልጠና ፕሮግራሙን ስትጀምሪ ነገሩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የግድ እለፊ የሚልሽን ፈተናና በውሉ የምትገደጂበትን ኮርስ ደረሰኝ ይዘሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ሁለት ነገር ግን አትርሺ። አንደኛ፣ ሆስፒታሉ የከፈለልሽን ወይም የተካልሽን ገንዘብ መጠየቅ አይቻልም፤ ግማሹን ከሸፈነልሽ ከኪስሽ የወጣውን ግማሽ ብቻ ነው። ለነገሩ ከግብር በፊት የሆስፒታሉን የትምህርት በጀት መጠየቅ ይሻላል፤ እሱ ሙሉውን ሊከፍል ይችላል፣ ግብሩ ግን አምስት አንድ ነው የሚመልሰው። ሁለተኛ፣ «እንግዲያው ቀጣዩን ፈተና ከኦገስት በኋላ ላድርገው» የሚል ሐሳብ መጥቶልሽ ይሆናል። ቀኑ በጥቂት ሳምንት የሚለያይ ከሆነ ይሁን። ለ20 ከመቶ ብለሽ ግን የተዘጋጀሽበትን ፈተና ስድስት ወር አታዘግዪ። ያ ቁጠባ አይደለም።

ስለ ሰውዬው ደግሞ። «ማንም አያጣራም» ያለው ድሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ማስረጃ አያይዙ ማለት ጀምሯል። የሚያስመልሱ ድርጅቶች ሰውን የተመላሹን መብት በጽሑፍ እያስተላለፉ ያስፈርሙት ነበር፤ ብዙ ሕዝብ ካለቀሰ በኋላ እ.ኤ.አ. ከማርች 15 ቀን 2023 ወዲህ የተፈረመ እንዲህ ያለ ማስተላለፊያ ዋጋ እንደሌለው በሕግ ተደንግጓል። ገንዘቡ በእነሱ በኩል እንዲከፈል መወከል ግን አሁንም ስለሚቻል ቅጹ ላይ የማን የባንክ ሒሳብ እንደተጻፈ እይ። የአንቺ ካልሆነ ነገሩ ገብቶሻል።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የአንቺ ነው። የቪዛና የቲኬት ገንዘብ «የሥራ ወጪ» ተብሎ ገብቶ ነገ ቢገኝ፣ ሰውዬው 40 ከመቶውን ይዞ ስልኩን ይዘጋል፤ ገንዘቡን ከነወለዱ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ቅጣቱ ሆን ተብሎ ተደርጎ ከተደበቀ የግብሩን ያህል እስኪሆን ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ አንቺ ሐኪም ነሽ። ጂ ኤም ሲ ሐኪም ላይ እምነት ማጉደልን ቀላል ነገር አድርጎ አያየውም፤ ነገሩ ከሆስፒታል ውጭ የተፈጸመ ቢሆንም። አጎትሽ ዕቁባቸውን የሰጡት ለዚያች ፈቃድ ነው። ለ672 ፓውንድ ብለሽ እሷን ታስይዣለሽ? አትፈርሚ!

ራስሽ ጠይቂ፤ ነፃ ነው። ፒ 87 የሚባል ቅጽ አለ። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርሽ፣ በደመወዝ ወረቀትሽ ወይም ፒ 60 በሚባለው የዓመት ማጠቃለያ ላይ ያለው የአሠሪሽ የግብር መለያ፣ የክፍያ ደረሰኞችሽ፤ ይኸው ነው የሚፈለገው። ደረሰኝ ጠፍቶብኛል ካልሽ ከጂ ኤም ሲ የራስሽ ገጽ ላይ ገብተሽ ማውረድ ትችያለሽ። በአንድ ዓመት ከ2,500 ፓውንድ በላይ ወጪ የሚጠይቅ ሰው ግን በዚህ ቅጽ ሳይሆን ገቢውን ራሱ በሚያሳውቅበት ሙሉ ማስታወቂያ ነው የሚስተናገደው። የግብር ዓመታቸው ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ነው፤ ወደ ኋላ አራት ዓመት ይፈቅዳሉ። አንቺ የሄድሽበት ዓመት ኤፕሪል 5 ቀን 2024 ስላለቀ እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2028 ጊዜ አለሽ።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፤ ወዳጄ «ከሁሉ በፊት ይሄን ትይ» ብሎ የጮኸብኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን የደመወዝ ወረቀቶች አውጪና የግብር ኮድ የሚለውን ፈልጊ። 1257ኤል የሚል ከሆነ የዓመቱ 12,570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ታስቦልሻል ማለት ነው። ከጎኑ ኤም 1 የምትል ምልክት ካለች ግን በየወሩ ለብቻ ነው የታሰበልሽ። አንቺ ኦክቶበር ነው የገባሽው፤ ከኤፕሪል እስከዚያ ያለው ግማሽ ዓመት ነፃ ድርሻሽ ቀልጦ ቀርቷል። ግማሹ 6,285 ፓውንድ ነው፤ 20 ከመቶው 1,257 ፓውንድ ይሆናል። ኮዱ ቢ አር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ነፃ ድርሻ ሳይታሰብልሽ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ 20 ከመቶ ተቆርጧል። ብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ዓመቱ ሲያልቅ ራሱ አስልቶ በደብዳቤ ያሳውቃል። ግን አዲስ የሄደ ሐኪም ቤት የሚቀያይር ነው፤ ደብዳቤው የድሮ ቤትሽ በር ሥር ወድቆ ሊሆን ይችላል። እስካሁን ካልደረሰሽ ደውዪና ጠይቂ። ይሄ ገንዘብ ካለ የወጪ ጥያቄ አይደለም፤ ያለአግባብ የተቆረጠ የራስሽ ደመወዝ ነው። ሐኪሞቹ ስለ ፈተና ክፍያ ሲያወሩ ይቺን ይዘሏታል።

ወደ አጎትሽ እንምጣ። ደብዳቤሽን ሳነበው አንድ ነገር ገረመኝ። አጎትሽ የሰጡሽ 3,200 ነው። ቀሪው 2,400 ከራስሽ ደመወዝ የወጣ ነው። አንቺ ግን ደስታው አሸንፎሽ ሁለቱን ደምረሽ 5,600ውን የእሳቸው አስመሰልሽው። ይሉኝታ ሒሳብ ያበላሻል። ዕዳሽን ለይተሽ እወቂ።

ሌላም አለ። እሳቸው የሰጡሽ ብር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያው ፓውንድ የሚያመጣው ብር እሳቸው ከሰጡሽ ጊዜ እጅግ ይበልጣል። «የሰጡኝን ብር ቆጥሬ ብመልስ ዕዳዬ በትንሽ ፓውንድ ያልቃል» ማለት ትችያለሽ፤ በወረቀት ልክ ነሽ። ግን ያኔ ሊገዙት የነበረው መኪና ዋጋም አብሮ ወጥቷል። እኔን ከጠየቅሽኝ በፓውንድ መልሺ። 3,200ውን። እሳቸው መኪናውን ነው የሰጡሽ፣ ብሩን አይደለም።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? በእናትሽ በኩል አይሁን። እናት መሐል ከገባች ወሬው አጎትሽ ጋ ሲደርስ «ልጅቷ ካደች» ሆኖ ነው። በጽሑፍም አትላኪ። ራስሽ ደውዪ፤ ማታ፣ ቤት ሲገቡ። «የእንግሊዝ መንግሥት ከለከለኝ» አትበዪ፣ አልከለከለሽም። «አጎቴ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ አጣርቼ ሳየው ግብር ላይ የሚመለሰው ትንሽ ነው። የእርስዎ 3,200 ፓውንድ ነው፤ በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ» በያቸው። «ይህን ያህል» የምትዪውን ቁጥር ከመደወልሽ በፊት ቁረጪ። የቤት ኪራይሽን፣ ለእናትሽ የምትልኪውን ቀንሰሽ የምትችዪውን ብቻ። 200 ፓውንድ ከሆነ በአስራ ስድስት ወር ያልቃል። 220ዋ ስትመጣና የኮዱ ገንዘብ ካለ ደግሞ እሱን ጨምሪበትና ቶሎ ይጠር። እሳቸው መቆጣታቸው አይቀርም። ይቆጡ፤ አሳድገውሻል። «ተይው ልጄ፣ ገንዘቡን አልፈልግም» ቢሉሽም እሺ ብለሽ እንዳትተዪው፤ አጎት እንዲያ ይላል፣ መኪናውን ግን ይፈልገዋል።

የቀብዱን ነገር ግን ቅደሚው። በእኛ ከተማ ቀብድ ሰጥቶ የቀረ ሰው ቀብዱን የሚመልስለት ሻጭ ስንት ነው? ሰኞ ነው ብለሻል፤ ይህ ጋዜጣ ደግሞ የሚወጣው ቅዳሜ ነው፤ አንቺ ዘንድ መቼ እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ የቀብዷን ክፍል ብቻ ሐሙስ ማታ በስልክሽ ልኬልሻለሁ።